ታፔላው ወረደ፣ ስሙ ግን አልወረደም፦ የማርሻል ፊልድ ሕይወት

ሰው ለአንድ ሱቅ ስም ብሎ አደባባይ ይወጣል እንዴ? ቺካጎ ላይ ወጥቷል።

ጊዜው ሴፕቴምበር 9 ቀን 2006 ነው። ስቴት በሚባለው የቺካጎ ዋና የገበያ ጎዳና ላይ፣ ከአንድ ትልቅ ሕንጻ ማዕዘን ላይ ከተሰቀለው የመንገድ ሰዓት ስር፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ተሰብስበው ተቃውሞ አሰሙ። የደመወዝ ጥያቄ አልነበረም። የምርጫ ጉዳይም አልነበረም። ከመቶ ዓመት በላይ የኖረ የአንድ መደብር ስምና አርማ ወርዶ በሌላ መተካቱን ነው የተቃወሙት። ከዚያ ቀን በፊትም ስሙ እንዳይነካ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፊርማቸውን አስቀምጠዋል።

የወረደው ስም የማርሻል ፊልድ ነው። ሰውየው ከሞተ በዚያ ዓመት ልክ መቶ ዓመቱ ነበር። ከሰልፈኞቹ ውስጥ አንድም ሰው በዓይኑ አላየውም። ታሪኩን ሲያነቡት ደግሞ ያን ያህል የሚወደድ ሰው አይደለም፤ ዝምተኛ፣ ቀዝቃዛ፣ ሠራተኛ ላይ ጨካኝ ነበር። ታዲያ ሰዉ ምን ነካው? ዛሬ የዚህን ሰው ሕይወት፣ ከሞተ በኋላም ስሙ ያየውን ጣጣ እናወጋችኋለን። ትንሽ ረዘም ይላል፣ እስከ መጨረሻው አብራችሁን ቆዩ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የገበሬው ልጅ

ማርሻል ፊልድ በ1834 በማሳቹሴትስ ግዛት ኮንዌይ በምትባል የገጠር መንደር ተወለደ። አባቱ ገበሬ ነበር። ልጁ ግን እርሻው ላይ አልቆየም። አሥራ ሰባት ዓመት ገደማ ሲሆነው ፒትስፊልድ ወደምትባል ከተማ ሄዶ አንድ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ውስጥ ተቀጠረ። እዚያም አምስት ዓመት ያህል ሠራ።

ልጁ ብዙ አያወራም ነበር። ለሻጭ ይኼ ድክመት ይመስላል፣ አይደል? ለእሱ ግን ጠቀመው። ደንበኛ ሲያወራ ያዳምጣል። በተለይ ሴቶች ሲገበያዩ ምን አንስተው እንዳዩ፣ ምን እንደተዉ፣ ባለፈው ምን እንደገዙ ልብ ይል ነበር። አይለፈልፍም፣ ገዢ አያዋክብም። አሠሪው ድርሻ ሰጥቶ ሊያስቀረው ቢፈልግም ልቡ አስቀድሞ ወደ ምዕራብ ሸፍቷል።

በ1856 ቺካጎ ገባ። ገና የሃያ አንድ ዓመት ልጅ ነው። ታላቅ ወንድሙ ቀድሞት እዚያ ይኖር ነበር። ቺካጎ ያን ጊዜ የምትታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ በጭቃና በባቡር። ጭቃው ከመብዛቱ የተነሳ በእነዚያ ዓመታት ሕንጻዎቹን በክሪክ እያነሱ ከተማዋን ከፍ ያደርጓት ነበር። ባቡሩ ደግሞ ከየአቅጣጫው መጥቶ የሚገናኘው እዚያ ነው። የምዕራቡ ገበሬ እህሉንና ከብቱን ወደ ቺካጎ ይልካል፣ በምትኩ ጨርቅ፣ ክር፣ ጫማ ይፈልጋል። ነጋዴ ለሆነ ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ፊልድ በአንድ የጅምላ ንግድ ድርጅት ውስጥ ተቀጠረ። የመጀመሪያ ደመወዙ በዓመት 400 ዶላር ነበር። የሕይወት ታሪኩን የጻፉ ሰዎች እንደሚተርኩት እዚያው ሱቁ ውስጥ እያደረ ግማሹን አጠራቀመ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይ ከተቀጣሪነት ወደ ሸሪክነት ከፍ አለ። በ1863 ናኒ ስኮት የምትባል ሴት አገባ።

ታፔላው ላይ መጀመሪያ የሌላ ሰው ስም ነበር

እዚህ ጋ አንድ ሌላ ሰው እናስተዋውቃችሁ፦ ፖተር ፓልመር። ቺካጎ ውስጥ በ1852 ሱቅ የከፈተ ነጋዴ ነው። በዚያ ዘመን ገበያ ማለት ክርክር ነው። ሻጩ ይጠራል፣ ገዢው ይቀንሳል፣ የተሸጠ ዕቃ አይመለስም። ፓልመር ይህን ቀየረ። ዕቃውን ሰው እንዲያየው አድርጎ ደረደረ። ሴቶች እንደ ክብር እንግዳ እንዲስተናገዱ አደረገ። ዕቃውን ቤታቸው ወስደው ካልወደዱት እንዲመልሱ ፈቀደ። ዛሬ ተራ ነገር ነው፤ ያን ጊዜ ግን ሌሎቹ ነጋዴዎች ጤናውን ተጠራጥረው ይሆናል።

በ1865 ፓልመር ሐኪሞች እረፍት እንዲያደርግ መከሩት። ሱቁን የሚረከብ ሰው ሲፈልግ ያገኘው ማርሻል ፊልድንና ጓደኛውን ሌዊ ላይተርን ነው። ፊልድ ዕቃና ደንበኛ ያውቃል፣ ላይተር ሒሳብና ዱቤ ያውቃል። ፓልመር የተወሰነ ገንዘቡን እዚያው ትቶላቸው ሱቁ በሦስቱ ስም ተጠራ። በ1867 ፓልመር ጠቅልሎ ወጣ፣ ስሙም ከታፔላው ላይ ወረደ። በቀጣዩ ዓመት ሁለቱ ሸሪኮች ፓልመር ራሱ ስቴት ጎዳና ላይ ባሠራው የእብነ በረድ ሕንጻ ውስጥ ገቡ።

ይህችን ነገር ልብ በሉልን። የመደብሩ ስም ሲቀየር በ2006 የመጀመሪያው አይደለም። መልካም ስሙን የጀመረው ፓልመር ነበር፣ የእሱ ስም ግን ማንም ሰልፍ ሳይወጣለት ነው የጠፋው።

ሁለት ጊዜ የተቃጠለ ሱቅ

ኦክቶበር 1871 ላይ ቺካጎ ተቃጠለች። ታላቁ የቺካጎ እሳት የሚባለው ነው። ወደ 300 ሰው ሞተ፣ ወደ 100 ሺህ ሰው ያለ ቤት ቀረ። እሳቱ ወደ ስቴት ጎዳና ሲጠጋ የመደብሩ ሠራተኞች ውድ ውድ ዕቃውን በጋሪ እየጫኑ አሸሹ። ያን የእብነ በረድ ሕንጻ ግን እሳቱ በላው።

ከዚያ የሆነው ነገር ነው ስሙን የሠራው። ፍርስራሹ ላይ አንድ ማስታወቂያ ቆመ፤ ሠራተኞቹ ያልተከፈላቸው ደመወዝ መቼና የት እንደሚከፈላቸው የሚገልጽ። ባንክ በተቃጠለበት፣ ሰው ሜዳ ላይ በሚያድርበት ሰዓት ማለት ነው። ሳምንታት ሳይቆጠሩ ደግሞ ሱቁ እንደገና ተከፈተ። የት መሰላችሁ? የከተማውን ትራም የሚጎትቱ ፈረሶች ያድሩበት በነበረ ጋጣ ውስጥ። ፈረሶቹ ወጡ፣ ሐርና ዳንቴል ገባ።

ሁለት ዓመት ቆይተው ወደ ስቴት ጎዳና ተመለሱ። አዲሱ ሕንጻ የልብስ ስፌት ማሽን የሚሠራው የሲንገር ኩባንያ ነበር። እሱም በ1877 ተቃጠለ! ሲንገር መልሶ ሲሠራው እነ ፊልድ ዋጋውን አሳንሰው ቀረቡ፣ አልተሸጠላቸውም፣ ሌላ ነጋዴ ተከራየው። ፊልድ ቦታው እንደማይታለፍ ሲገባው በ1879 ሕንጻውን 700 ሺህ ዶላር ከፍሎ ገዛ። የተከራየውን ነጋዴ ለማስለቀቅም ተጨማሪ 100 ሺህ ዶላር ወጣበት። ክርክርን ከሱቁ ያስወጣው ሰው ራሱ በክርክር ተጎዳ ማለት ነው።

ስሙ ለብቻው ሲቀር

በ1881 ፊልድና ላይተር ተለያዩ። ላይተር የጅምላውን ንግድ ይወድ ነበር፤ ፊልድም ቢሆን አብዛኛውን ትርፉን የሚያገኘው ከጅምላው ነው። ግን ችርቻሮው የመደብሩ ፊት መሆኑን ፊልድ ተረድቷል። ሽርክናው ሲፈርስ ዋና ዋናዎቹ ኃላፊዎች ከፊልድ ጋር መቆየትን መረጡ። ላይተር ሱቁን ልግዛ ቢል እንኳን የሚያሠራው ሰው እንደሌለ ሲያይ ድርሻውን ሸጦ ሄደ። የሁለተኛው ሰው ስምም ከታፔላው ወረደ። ማርሻል ፊልድ እና ኩባንያው የሚለው ብቻ ቀረ።

እንግዲህ ሰዉ የወደደው መደብር የተገነባው ከዚህ በኋላ ባሉት ሃያ አምስት ዓመታት ነው። ምን ነበረው?

አንደኛ፣ ዋጋው የተቆረጠ ነው። ሀብታሟም ድሃዋም አንድ ዋጋ ነው የሚከፍሉት። ሁለተኛ፣ ያልወደዱትን መመለስ ይቻላል፤ ሻጩ ፊቱን አያጠቁርም። ፊልድ አንድ ቀን አንድ ሠራተኛው ከደንበኛ ጋር ሲከራከር አይቶ፣ ሴትየዋ የምትፈልገው እንዲሰጣት አዝዞ አለፈ ተብሎ ይተረካል። ይህ ትእዛዝ የመደብሩ መመሪያ ሆነ ይባላል። ሦስተኛው ግን ከሁሉም ይበልጣል። በዚያ ዘመን አንዲት ጨዋ የምትባል ሴት መሀል ከተማ ለብቻዋ ገብታ የምትቀመጥበት፣ የምታርፍበት፣ ምሳ የምትበላበት ቦታ እምብዛም አልነበረም። ምግብ ቤቱ የወንድ ነው፣ መጠጥ ቤቱማ አይወራም። ፊልድ መደብር ውስጥ ግን ማረፊያ ክፍል ነበር። በ1890 ደግሞ ሻይ ቤት ተከፈተ።

የሻይ ቤቱም ታሪክ ደስ ይላል። ወይዘሮ ሄሪንግ የምትባል የባርኔጣ ክፍል ሻጭ ነበረች። ደንበኞች ባርኔጣ ሲመርጡ ረሃብ ስለያዛቸው ከቤቷ ያመጣችውን በሊጥ የተሸፈነ የዶሮ ምግብ አካፈለቻቸው ይባላል። ያ ምግብ ዛሬም ድረስ እዚያ ሕንጻ ውስጥ በእሷ ስም ይሸጣል። ታፔላው ላይ ያለው ስም የፊልድ ይሁን እንጂ፣ ስሙን ያጣፈጡት እንዲህ ያሉ ሻጮች ናቸው።

ሌላም ሰው አለ፤ ሃሪ ጎርደን ሰልፍሪጅ። በ1879 ተራ ሠራተኛ ሆኖ ገባ፣ አድጎ የችርቻሮው ኃላፊ ሆነ። መብራት የበራበት የመስታወት ማሳያ፣ ሰው የሚጠራ ማስታወቂያ፣ ከምድር ቤት የቅናሽ ሽያጭ ያመጣው እሱ ነው። ሰልፍሪጅ ጨዋታ ወዳድ፣ ፊልድ ዝግ ያለ፤ ቢሆንም ተስማምተው ሠሩ። ሰልፍሪጅ በ1904 ወጣ፣ በ1909 ለንደን ላይ በራሱ ስም መደብር ከፈተ። ለንደን የምትኖሩ አንባቢዎቻችን ኦክስፎርድ ጎዳና ላይ ታውቁታላችሁ።

በ1897 ደግሞ ከሕንጻው ማዕዘን ላይ ትልቁ ሰዓት ተሰቀለ። ሰው መሀል ከተማ ሲቀጣጠር ከሰዓቱ ስር መባባል ጀመረ። እናት ከልጇ፣ ፍቅረኛ ከፍቅረኛው። ሰዓቱ የመደብሩ ማስታወቂያ መሆኑ ቀርቶ የከተማው ንብረት ሆነ። በ2006 ሰልፈኞቹ ለምን እዚያ እንደቆሙ አሁን የገባችሁ ይመስለናል።

የሰውየው ሌላ ፊት

እስካሁን የነገርናችሁ ጥሩ ጥሩውን ነው። እዚህ ላይ ብናቆም ግን አጉል ውዳሴ ይሆንብናል።

ፊልድ ደንበኛን ያከበረውን ያህል የሠራተኛን ማኅበር ይጠላ ነበር። የማኅበር አባል ነው ተብሎ የተጠረጠረ ሰው እዚያ ቤት ውስጥ ቦታ አልነበረውም። ሻጮቹ በተለይ ሴቶቹ ደመወዛቸው አነስተኛ ነበር፤ የሚሸጡትን ልብስ ራሳቸው መግዛት የሚችሉ ጥቂት ነበሩ።

ሜይ 4 ቀን 1886 ቺካጎ ውስጥ ሄይማርኬት በሚባለው አደባባይ የሠራተኞች ስብሰባ ላይ ቦምብ ፈነዳ። ፖሊሶችም ሠራተኞችም ሞቱ። ቦምቡን ማን እንደወረወረ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ስምንት ሰዎች ግን ተከሰው ተፈረደባቸው። ብዙ ሰው ፍርዱ ፍትሐዊ አይደለም ብሎ ምሕረት ጠየቀ። የከተማዋ ትልልቅ ነጋዴዎችም በጉዳዩ ተሰብስበው መከሩ፤ ለምሕረቱ ልባቸው የራራ ነበሩ። ፊልድ ግን አልተስማማም። እሱ እምቢ ሲል ሌሎቹም ዝም አሉ። ኖቬምበር 11 ቀን 1887 አራቱ ተሰቀሉ። ዓለም የሠራተኞች ቀን ብሎ ሜይ 1ን የሚያከብረው ከዚያ ሰሞን የቺካጎ እንቅስቃሴ ተነስቶ ነው።

ቤቱም ቢሆን ሞቅ ያለ አልነበረም። ፕሬሪ በሚባለው የሀብታሞች ጎዳና ላይ ስመ ጥር አርክቴክት ያሠራው ትልቅ ቤት ነበረው። በ1886 ለልጆቹ በጃፓን አምሳያ ያጌጠ ግብዣ ደግሶ ወጪው 75 ሺህ ዶላር ደረሰ ይባላል። በዓመት 400 ዶላር ይከፈለው የነበረው ልጅ ማለት ነው! ባለቤቱ ናኒ ግን ብዙውን ጊዜ ከእሱ ርቃ አውሮፓ ትኖር ነበር፣ በ1896 ፈረንሳይ ውስጥ አረፈች።

ሙዚየሙ፣ እኛም የምንገባበት ታሪክ

በ1893 ቺካጎ ትልቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን አዘጋጀች። ከመላው ዓለም የመጣው ቅርስና የተፈጥሮ ስብስብ ከኤግዚቢሽኑ በኋላ እንዳይበተን ሙዚየም ይቋቋም ተባለ፤ ገንዘብ ግን የለም። ፊልድ መጀመሪያ ስለ ሙዚየም የማውቀው ነገር የለም ብሎ አልተቀበለም ነበር። ብዙ ከተለመነ በኋላ 1 ሚሊዮን ዶላር ሰጠ። ሲሞት ደግሞ በኑዛዜው 8 ሚሊዮን ተወለት። ለቺካጎ ዩኒቨርሲቲም ሲመሠረት መሬት የሰጠው እሱ ነው። የፊልድ ሙዚየም ዛሬ ከዓለም ትልልቅ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየሞች አንዱ ነው።

ለእኛ ደግሞ የሚቀርብ ነገር አለው። ፊልድ ከሞተ ሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1926፣ ይህ ሙዚየም ከአንድ የቺካጎ ጋዜጣ ጋር ሆኖ የጥናት ቡድን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። አምስት ሰዎች ናቸው፤ መሪያቸው ዊልፍሬድ ኦስጉድ ይባላል። በዚያ ጊዜ አልጋ ወራሽ የነበሩት ራስ ተፈሪ ተቀብለዋቸዋል። ቡድኑ በሀገራችን ደጋና ቆላ ተዘዋውሮ የአዕዋፍና የአራዊት ስብስብ ይዞ በ1927 ተመለሰ። ከመካከላቸው ሉዊስ አጋሲ ፉዌርቴስ የሚባል በወፍ ሥዕል የተካነ ሠዓሊ ነበር። የኢትዮጵያን ወፎች በውሃ ቀለም ሣለ፤ ከሥራዎቹ ሁሉ የላቁት እነዚህ ናቸው የሚሉ ብዙ ናቸው። የሚያሳዝነው አገሩ በገባ በዚያው ዓመት መኪናው ከባቡር ጋር ተጋጭቶ ሞተ። ሥዕሎቹ መኪናው ውስጥ ነበሩ፣ ግን ተረፉ። እስከ ዛሬም የሚገኙት በዚያ የጨርቅ ነጋዴ ስም በተሰየመው ሙዚየም ነው።

የመጨረሻዎቹ ወራት

በ1905 ፊልድ ሰባ አንድ ዓመት ሆኖት እንደገና አገባ። ብዙ ዓመት የሚያውቃት ዲሊያ ኬተን ባሏ ስለሞተባት በሴፕቴምበር ለንደን ላይ ተጋቡ። ደስታው ሦስት ወር አልሞላም። ኖቬምበር ላይ አንድ ልጁ ማርሻል ታናሹ ቤቱ ውስጥ በጥይት ቆስሎ ሞተ። አደጋ ነው ተባለ፤ ከተማው ግን ብዙ ሐሜት አወራ።

አባትየው ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየም። በ1906 በአዲስ ዓመት ዕለት በረዶ ላይ ጎልፍ ተጫወተ፤ ኳሱ በረዶው ውስጥ እንዳይጠፋ ቀይ ተቀብቶ ነበር። ከተጫዋቾቹ አንዱ የፕሬዚዳንት አብርሃም ሊንከን ልጅ ሮበርት ሊንከን ነው። ፊልድ ብርድ መታው፣ ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ፣ ጃንዋሪ 16 ቀን ኒው ዮርክ ውስጥ ሆቴል ውስጥ እያለ ሞተ። የተወው ሀብት ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ዛሬ ስቴት ጎዳና ላይ የሚታየው ግዙፍ ሕንጻ ተሠርቶ ሲያልቅ እሱ አላየውም። በ1907 ነው የተጠናቀቀው፤ ከ1 ሚሊዮን ተኩል በላይ የብርጭቆ ቁራጭ የተገጠመለት የቲፋኒ ጣሪያም ያኔ ነው የተሠራው። የገና ዛፉ የሚቆምበትና ቤተሰብ ተሰልፎ ምሳ የሚበላበት አዳራሽም እንዲሁ። የቺካጎ ሰው ስለ ፊልድ መደብር ሲያወራ የሚያነሳቸው ትዝታዎች አብዛኞቹ ከሰውየው ሞት በኋላ የመጡ ናቸው።

ስሙ ያለ ባለቤቱ

ከዚያ በኋላ መደብሩ ከእጅ ወደ እጅ ተሸጋገረ። በ1982 አንድ የትምባሆ ኩባንያ ቅርንጫፍ ገዛው። በ1990 የሚኒያፖሊሱ ዴይተን ሃድሰን ገዛው፤ ይህ ድርጅት በኋላ ታርጌት ተባለ። በ2004 ሜይ ለሚባል ድርጅት ተሸጠ። ባለቤቱ ሦስት ጊዜ ሲቀያየር የቺካጎ ሰው ብዙም አልተነሳም። ለምን? ታፔላው አልተነካማ! አረንጓዴው የዕቃ ቦርሳ እዚያው አለ፣ ፊልድ የሚለው ጽሑፍ እዚያው አለ።

የነካኩት ጊዜ ግን ቁጣ ነበር። ፍራንጎ የሚባል የሜንት ቸኮሌት አለ፤ ለዓመታት እዚያው መደብሩ ሕንጻ ውስጥ ይሠራ የነበረ። በ1999 ሥራው ወደ ፔንሲልቫኒያ ሲዛወር ከተማው ተንጫጫ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። በ2005 ፌደሬትድ የሚባለው ግዙፍ የመደብሮች ኩባንያ ሜይን በ11 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። ፌደሬትድ ያኔ የኒው ዮርኩ ሜሲስ ባለቤት ነበር። ሴፕቴምበር 20 ቀን 2005 ፊልድ የሚለው ስም ቀርቶ ሜሲስ እንደሚሆን አሳወቀ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በየክልሉ የተለያየ ስም ካለህ የተለያየ ማስታወቂያ ታሠራለህ፣ የተለያየ ቦርሳ ታሳትማለህ። አንድ ስም ካለህ ግን አንድ የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ከዳር እስከ ዳር ይበቃል። ሒሳቡ ወረቀት ላይ ትክክል ነው። በቀጠሮው ቀን ከ400 በላይ መደብሮች በአንድ ጊዜ ስማቸው ተቀየረ፣ የሜሲስ ቀይ ኮከብ ተሰቀለባቸው። ቦስተን፣ ፒትስበርግ፣ ሴንት ሉዊስ፣ ሂውስተን፤ ሁሉም የየራሱን አሮጌ ስም አጣ።

እንደ ቺካጎ የጮኸ ግን አልነበረም። ሰዎች የመደብሩን የዱቤ ካርድ ቆርጠው ላኩ። ሁለተኛ እግራችን አይረግጥም ብለው ማሉ። አንዳንዱን ያናደደው የመጣው ስም የኒው ዮርክ መሆኑ ነው፤ ሁለቱ ከተሞች የቆየ ፉክክር አላቸው። ሌላው ደግሞ የአያቱን ትዝታ የተነጠቀ ያህል ተሰማው። ምን አገባን፣ ሱቅ ሱቅ ነው ያሉም ነበሩ። ከእነዚያ ከተቆጡት መካከል መደብሩ ውስጥ ከገቡ ዓመታት ያለፏቸው እንዳሉም መካድ አይቻልም። ስሙን መውደድና ከስሙ መግዛት አንድ አይደሉም።

አንድ የተረሳ ነገር ደግሞ እናንሳ። በ2001 የዲትሮይቱ ሃድሰን እና የሚኒያፖሊሱ ዴይተን የሚባሉ መደብሮች ስማቸው ተነስቶ ፊልድ ተብለው ነበር። ዲትሮይትና ሚኒያፖሊስም የየራሳቸው ትዝታ ነበራቸው። ያን ጊዜ ትልቁ ስም ትንሹን ሲውጥ ዋጪው ፊልድ ነበር። አምስት ዓመት ሳይቆይ ተራው ደረሰበት።

ከስም ለውጡ በኋላ ምን ሆነ? ስማቸው በተቀየረው መደብሮች ሽያጩ ኩባንያው ያሰበውን ያህል አልሄደም፣ እሱም ይህን አምኗል። በ2008 ዕቃውን ለየአካባቢው ሰው ፍላጎት የሚያስማማ አዲስ አሠራር ጀመረ። ሁሉን አንድ ማድረግ ልክ አለው ማለት ነው። እርግጥ የኢኮኖሚ ቀውሱም ያኔ ነው የመጣው፣ ሁሉንም በስም ለውጡ ማላከክ አይገባም። ተቃዋሚዎቹ ግን ከዚያ በኋላም በየዓመቱ ሴፕቴምበር ላይ ከሰዓቱ ስር እየተገናኙ ስሙ እንዲመለስ ሲጠይቁ ቆይተዋል።

ሕንጻው በቅርስነት የተመዘገበ ስለሆነ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት የማርሻል ፊልድ የነሐስ ሰሌዳዎች አልተነሱም። መስታወቱ ላይ ሜሲስ፣ ግድግዳው ላይ ማርሻል ፊልድ። ሁለቱም ስም እዚያው አለ።

ታዲያ ያለቀሱት ለማን ነው?

እኛ እንደሚመስለን ለሰውየው አይደለም። ለሰውየውማ ቢሆን ሄይማርኬት ላይ ያደረገውን ሲያነቡ ያፍሩ ነበር። ያለቀሱት ለተሰጣቸው ቃል ነው። በእሳት ማግስት ደመወዝ እከፍላለሁ ያለ ስም ነው። ያልወደድሽውን መልሺ ያለ ስም ነው። መሀል ከተማ ለብቻዋ የመጣችን ሴት ቁጭ በይ ያለ ስም ነው። ያንን ቃል በየቀኑ የጠበቁት ደግሞ አነስተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው፣ ስማቸው የትም ያልተጻፈ ሻጮች ናቸው። ስም በሕግ የኩባንያ ንብረት ነው፤ ይሸጣል፣ ይለወጣል። ስሙ ላይ የተጠራቀመው አመኔታ ግን በውል አይተላለፍም። ፌደሬትድ ሕንጻውን፣ ዕቃውን፣ ሰዓቱን ገዛ። እሱን ግን ራሱ ጥሎት ሄደ።

ንግድ ያላችሁ፣ ሎጎ ልቀይር፣ ስም ላድስ የምትሉ ይህን አስቡበት። መቀየር ኃጢአት አይደለም፤ ፓልመርም ወርዷል፣ ላይተርም ወርዷል። ከመቀየራችሁ በፊት ግን ደንበኛችሁ ታፔላችሁን ሲያይ ምን ትዝ እንደሚለው ጠይቁት። መልሱ ዋጋ ከሆነ ቀይሩት። መልሱ እናቴ ከሆነ ደግማችሁ አስቡ።

እናንተስ? ስሙ ተቀይሮም በድሮ ስሙ የምትጠሩት ሱቅ፣ ሻይ ቤት ወይ ሲኒማ አለ? አስተያየት መስጫው ላይ ጻፉልን።